ዝንብን በዝንብ

ፈረንሳይ ወንጀለኞቿን ወደ ደቡብ አሜሪካ ጠረፍ፣ ወደ ካየንና በፊቷ ወዳሉት ደሴቶች ታግዝ በነበረበት ዘመን፣ ከግዞተኞቹ አንዳንዶቹ ሐኪሞቹን ግራ ባጋባ ሕመም ይሞቱ ነበር። አፍንጫቸውና ግንባራቸው ያብጣል፣ ደም ይፈስሳቸዋል፣ ቀጥሎም ከአፍንጫቸው ትል ይወጣል። ሻርል ኮክሬል የተባለ የባሕር ኃይል ሐኪም በ1858 የዚህን ትል ዝንብ በሳይንስ መዝገብ ሲያስገባ ትርጉሙ «ሰው በላ» የሆነ የላቲን ስም አወጣለት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለሰው ሰቅጣጭ ይሁን እንጂ ዝንቡ በአብዛኛው የሚኖረው በእንስሳት ነው። ከብት፣ በግ፣ ፍየል፣ ፈረስ፣ አጋዘን፣ ደሙ የሞቀ ሁሉ ይስማማዋል። የአሜሪካ አርቢዎች ስክሩዎርም ይሉታል። ተራው የሥጋ ዝንብ እንቁላሉን በበሰበሰ ነገር ላይ ሲጥል ይህኛው ግን የሕያው እንስሳ ቁስል ካላገኘ አይሆንለትም። ቁስሉ ትልቅ ይሁን አይልም፤ መዥገር የነከሰው ቦታ፣ እሾህ የጫረው ቆዳ፣ ገና ያልደረቀ የጥጃ እምብርት ይበቃዋል። ሴቴዋ በቁስሉ ጠርዝ ላይ ከ200 እስከ 300 እንቁላል በአንዴ ትደረድራለች። እንቁላሎቹ አንድ ቀን ሳይሞላቸው ይፈለፈላሉ፤ ትሎቹም ጭንቅላታቸውን ወደ ውስጥ ቀብረው ሥጋውን እየበሉ ይሰርጋሉ። የቁስሉ ሽታ ደግሞ ሌሎች ሴቴዎችን ይጠራል። ከሳምንት ገደማ በኋላ ትሎቹ ረግፈው አፈር ውስጥ ይገባሉ፣ ሙሽሬ ይሆናሉ፣ ከዚያም ዝንብ ሆነው ይወጣሉ። በሞቃት ወራት ዙሩ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ያልታከመ በሬ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቴክሳስ ከብት አርቢ ዓመቱን የሚከፋፍለው በዚህ ዝንብ ነበር። ላሞቹ በብርዱ ወራት እንዲወልዱ ይፈልጋል። ወይፈን ማኮላሸት፣ ቀንድ መቁረጥ፣ በጋለ ብረት ምልክት መተኮስ፣ ሁሉም ዝንቡ በማይበርበት ጊዜ ያልቃል። ሙቀቱ ሲመጣ ፈረሰኛ እረኞች በየዕለቱ መንጋውን ይዞራሉ፤ ከመንጋው ተነጥሎ ቁጥቋጦ ሥር የቆመ ከብት ካዩ ገመድ ወርውረው ይጥሉታል፣ ቁስሉ ውስጥ ቤንዞል ወይም ክሎሮፎርም አፍስሰው ትሉን ይገድላሉ፣ በላዩ የጥድ ሬንጅ ይቀባሉ። በማግስቱ እንደገና ሌላ ከብት ላይ ያው ሥራ ይጠብቃቸዋል።

የሚዋጉት ግን ለረጅም ጊዜ የተሳሳተውን ጠላት ነበር። በቁስል ላይ የሚታየው ዝንብ በጥንብ ላይ ከሚርመሰመሰው ጋር አንድ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር ባለሙያዎች የሚመክሩት የሞተ ከብት እንዲቃጠል ነበር። አርቢዎች ታዘዙ፣ ጥንብ አቃጠሉ፣ ወጥመድ ተከሉ፤ ትሉ ግን አልቀነሰም። በ1933 ኤሞሪ ኩሺንግና ዋልተር ፓተን የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለቱ ዝንቦች በመልክ ይመሳሰሉ እንጂ የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን አሳዩ። ጥንብ የሚበላው ሌላ፣ ሕያው ሥጋ የሚበላው ሌላ። በዚያው ዓመት በትል የተያዙ ከብቶች ከምዕራብ ተጭነው ወደ ጆርጂያ ሲወሰዱ ዝንቡም አብሮ ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ ክረምቱ በማያበርድበት ፍሎሪዳ ተደላድሎ ተቀመጠ።

የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በቴክሳስ ሜናርድ በምትባል ከተማ አነስተኛ ቤተ ሙከራ ነበረው። ኤድዋርድ ኒፕሊንግና ሬይመንድ ቡሽላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች የተገናኙት እዚያ ነው። ቡሽላንድ ዝንቡን ያለ ከብት ማርባት ቻለ፤ የተፈጨ ሥጋ፣ ደም፣ ውኃና ጥቂት ፎርማሊን ቀላቅሎ ትሎቹን በሣህን ላይ አሳደገ። ሥራው ተራ ይመስላል፤ ሽታውም የሚያስቀርብ አልነበረም። ነገር ግን ኋላ የመጣው ሁሉ በዚህ ሣህን ላይ የቆመ ነው።

ኒፕሊንግ ደግሞ በጓዳው ያሉትን ዝንቦች እያየ አንድ ነገር አስተዋለ። ወንዴዎቹ ደጋግመው ይገናኛሉ፤ ሴቴዋ ግን በሕይወቷ አንዴ ብቻ። ያ አንዱ ወንዴ መካን ቢሆንስ? እንቁላሏን ትጥላለች፣ እንቁላሉ ግን አይፈለፈልም፣ ሁለተኛ ዕድልም የላትም። ሐሳቡን ለባልደረቦቹ ሲነግር ብዙዎቹ እንደ ቀልድ ወሰዱት። እሱም ዝንብን በሚሊዮን የሚያመክን መንገድ አልነበረውም። ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና ሁለቱም ወደ ወታደሮች ቅማልና ወባ ትንኝ ሥራ ተዛወሩ።

ኒፕሊንግ ስሌቱን ግን አልተወውም። በኋላ ያሳተመው ሠንጠረዥ ዛሬም ድረስ በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። አንድ ሚሊዮን ሴቴ ዝንቦች ባሉበት አገር በየትውልዱ ሁለት ሚሊዮን መካን ወንዴዎች ቢለቀቁ፣ ቀጣዩ ትውልድ 333,333 ይሆናል። የሚለቀቀው ቁጥር ሳይቀንስ ከቀጠለ ተከታዩ 47,619፣ ቀጥሎ 1,107፣ ከዚያ በኋላ ከአንድ ያነሰ። ይህ ከመርጨት ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። ፀረ ተባይ ብዙ ነፍሳት ባሉበት ብዙ ይገድላል፤ የመጨረሻዎቹን ጥቂቶች አድኖ ማግኘት ነው የሚከብደው። በኒፕሊንግ ስሌት ግን ዝንቡ እያነሰ በሄደ ቁጥር መካኖቹ እየበዙ ስለሚመጡ የመጨረሻዎቹን የሚያድኗቸው ራሳቸው ወንዴዎቹ ናቸው።

በ1950 ሄርማን ሙለር ስለ ጨረርና ስለ ዘር የጻፈው ጽሑፍ ኒፕሊንግ እጅ ገባ። ሙለር ጨረር የዝንብን ዘር እንደሚለውጥ ያሳየው ገና በ1927 ነበር፤ የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚሁ ነው። ኒፕሊንግ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ሙለርም ይቻላል አለው። ቡሽላንድ ሙሽሬዎቹን ይዞ ሳን አንቶኒዮ ወዳለው የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ሄደና በሰው ራጅ ማንሻ መሣሪያ ሞከረ። ዝንብ ሆነው ሊወጡ ጥቂት ቀን የቀራቸው ሙሽሬዎች ጨረር ሲያገኛቸው ዝንቡ በጤና ይወጣል፣ ይበራል፣ ይገናኛል፣ አይወልድም። ውጤቱ በ1951 ታተመ።

ቀጥሎ ሜዳ ላይ መውጣት ነበር። ከፍሎሪዳ ባሻገር ያለችው ሳኒበል ደሴት ተመረጠች። ዝንቡ በእርግጥ ተመናመነ፤ ነገር ግን ደሴቷ ለየብስ ስለምትቀርብ ጤነኛ ዝንብ ባሕሩን እየተሻገረ ይገባል። ሙከራው ያላለቀ ሆኖ ሳለ ከኩራሳዎ፣ በቬኔዝዌላ ጠረፍ ካለችው የሆላንድ ደሴት፣ አንድ የእንስሳት ሐኪም ደብዳቤ ላከ፤ ትሉ አስቸግሮናልና ምን ትመክሩናላችሁ የሚል። 444 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ከዋናው ምድር የራቀች፣ ፍየል የሞላባት። ፈልገው የማያገኙት ቦታ ራሱ ጠራቸው።

በ1954 ሙሽሬዎቹ ፍሎሪዳ ውስጥ ኦርላንዶ ላይ ረብተውና ጨረር አግኝተው በየሳምንቱ በአውሮፕላን ወደ ኩራሳዎ ይሄዱ ጀመር። መጀመሪያ የተለቀቀው ቁጥር አነሰ። በነሐሴ በአንድ ካሬ ማይል 400 ወንዴ በሳምንት ሲደርስ፣ በፍየሎች ቁስል ላይ የሚገኘው እንቁላል መካን መሆን ጀመረ። የመካኑ ድርሻ ሳምንት በሳምንት አደገ፤ በአራት ትውልድ ውስጥ እንቁላል የሚባል ጠፋ። ሠንጠረዡ በወረቀት ላይ እንደተናገረው ማለት ነው።

የፍሎሪዳ አርቢዎች ይህን ሲሰሙ ለምን ለኛ አይሆንም አሉ። ለሕግ አውጪዎቻቸው ጮኹ፣ ገንዘብ አስመደቡ። በ1957 መጨረሻና በ1958 መጀመሪያ ያልተለመደ ብርድ ገብቶ ዝንቡን ወደ ደቡብ ጫፍ ሲገፋው ሥራው ከታቀደው ቀድሞ ተጀመረ። ሰብሪንግ ላይ የቀድሞ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ዝንብ ፋብሪካ ተለውጦ በሳምንት 50 ሚሊዮን ዝንብ ማውጣት ጀመረ፤ ትሎቹ የሚቀለቡት የተፈጨ የፈረስና የዓሣ ነባሪ ሥጋ ነበር። ሙሽሬዎቹን የሚያመክነው ራጅ ሳይሆን ኮባልት 60 ነበር። በ1959 ደቡብ ምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል ከዝንቡ ነጻ ሆነ።

ቴክሳስ ግን ደሴት አይደለችም፤ ከሜክሲኮ ጋር ረጅም ድንበር አላት። አርቢዎቹ በከብታቸው ቁጥር ልክ አዋጡ፤ በ1962 ሚሽን ከተማ አጠገብ በሙር አየር ማረፊያ አዲስ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። አውሮፕላኖች በድንበሩ ላይ ዝንብ እየጣሉ ግንብ ለመሥራት ሞከሩ። በ1966 አሜሪካ ነጻ ነኝ ብላ አወጀች። የአርቢው ኑሮም ተቀየረ፤ የዕለት ዙሩ ቀረ፣ ፈረሰኞቹ ቀነሱ፣ ወይፈን በፈለጉት ወር ይኮላሽ ጀመር።

በ1972 ዝንቡ ተመለሰ። በዚያ አንድ ዓመት በአሜሪካ 95 ሺህ ያህል ሕመሞች ተመዘገቡ። ክርክሩ ረጅም ነበር። አንዳንዱ በፋብሪካ የረባው ዝንብ ትውልድ ሲቆጥር ሰነፈ፣ ከዱሩ ጋር መወዳደር አቃተው አለ። ሌላው የአየሩን ምቹነት፣ ትሉ ሲጠፋ ቁጥሩ ያሻቀበውን አጋዘን አነሣ። አርቢውም ቁስል መፈለግ ትቶ ነበር። አንዱ ብቻ ነው ምክንያቱ ብሎ መደምደም ያስቸግራል፤ ድንበሩ ራሱ የተሳሳተ ቦታ ላይ መሆኑ ግን ለሁሉም ታየ። በዚያው ዓመት አሜሪካና ሜክሲኮ ተስማሙ፤ በ1976 በቺያፓስ ግዛት ቱክስትላ ጉቲዬሬስ ላይ በሳምንት እስከ 500 ሚሊዮን ዝንብ ማውጣት የሚችል ፋብሪካ ተከፈተ። ጦርነቱ ወደ ደቡብ ተገፋ። ከሰሜን የተገፋው ዝንብ ሜክሲኮን በ1991 ለቀቀ።

ሜክሲኮ ገና ሳትጨርስ ግን ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። በ1988 ሊቢያ ውስጥ፣ ትሪፖሊ አካባቢ ያሉ በጎች ቁስላቸው ትል አፈራ። ናሙናው ሲመረመር ያው የአሜሪካው ዝንብ ሆኖ ተገኘ፤ ከትውልድ ምድሩ ውጪ ሲደላደል ይህ የመጀመሪያው ነበር። ከደቡብ አሜሪካ በመርከብ ከመጡ በጎች ጋር ሳይገባ አልቀረም። በ1990 ከ12 ሺህ በላይ እንስሳት ተያዙ፤ ሰዎችም ተጠቁ። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ያስፈራው የሊቢያ ብቻ አልነበረም። ዝንቡ በዓባይ ሸለቆ ወይም በሳህል በኩል ወደ ደቡብ ቢወርድ ከሱዳን እስከ ኢትዮጵያና ኬንያ፣ በየቀኑ ከብቱን የሚያክም ሐኪም የሌለው አርብቶ አደርና መድኃኒት የማይደርሰው የዱር አራዊት ይጠብቁታል።

ፖለቲካው ከዝንቡ አይተናነስም ነበር። ሊቢያ በአሜሪካ ማዕቀብ ሥር ነበረች፤ መካኑ ዝንብ ያለው ደግሞ በአሜሪካና በሜክሲኮ የጋራ ፋብሪካ ውስጥ ብቻ ነበር። ዋሽንግተን ሕግ አሻሽላ ፈቀደች። በታኅሣሥ 1990 የመጀመሪያዎቹ ሣጥኖች ከቱክስትላ አትላንቲክን ተሻግረው ትሪፖሊ ደረሱ። በጥር የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሲፈነዳ እንኳ ጭነቱ አልቆመም። የምድር ቡድኖች በጎቹን እየዞሩ ቁስል ሲያክሙ ከሰማይ በሳምንት እስከ 40 ሚሊዮን ዝንብ ይወርድ ነበር። በ1991 የተገኙት ሕመሞች ስድስት ብቻ ናቸው፤ የመጨረሻው ሚያዝያ 7 ቀን ተመዘገበ። የዚያ ክረምት ብርድ ማገዙ አይካድም። በሰኔ 1992 ሰሜን አፍሪካ ነጻ ተባለች። 1.3 ቢሊዮን ዝንብና ወደ 75 ሚሊዮን ዶላር ወጥቷል። ኒፕሊንግና ቡሽላንድም በዚያው ዓመት የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

ሣጥኖቹ በትሪፖሊ ላይ ይጣሉ በነበረበት በዚያው ጥር 1991፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው የጊቤ ሸለቆ ሌላ ዘመቻ ተጀምሮ ነበር። እዚያ ያለው ጠላት ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ አይደለም። የቆላ ዝንብ ነው፤ ፄፄ። በንክሻው የሚያስተላልፈው ጥገኛ ተሐዋስ በከብቱ ደም ውስጥ ይራባል፣ ከብቱ ይከሳል፣ ጠጉሩ ይቆማል፣ በሬ ቀንበር ተሸክሞ መቆም ያቅተዋል። ገበሬው ገንዲ ይለዋል። በአገሪቱ ዝንቡ የያዘው ቦታ ግምቱ ቢለያይም ከ140 ሺህ እስከ 220 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ የዲዴሳ፣ የባሮ፣ የኦሞና የጊቤ ለም ሸለቆዎች ያለ በሬ የቀሩት በእሱ ነው። ደጋው ላይ ሰው በሰው ላይ ሲተፋፈግ ቆላው ባዶ የሚውልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል፣ ኢልካ፣ ከ1986 ጀምሮ በጊቤ የከብቱን ደም ወር በወር ሲመረምር አሳሳቢ ነገር አገኘ። ተሐዋስያኑ በገበያ ያሉትን መድኃኒቶች ተላምደዋል፤ መርፌው እየተወጋ ከብቱ አይድንም። ስለዚህ ዝንቡን ራሱን መምታት ግድ ሆነ። በከብቱ ጀርባ ላይ ሳይፐርሜትሪን የተባለ ፀረ ተባይ በወር አንዴ ይፈስሳል፤ ደም ሊመጥ ያረፈ ዝንብ ይሞታል። ከፄፄው ጋር መዥገሩና ሌላው ተናካሽ ዝንብም ስለቀነሰ ገበሬው ጥቅሙን ለማየት ቤተ ሙከራ አላስፈለገውም። ቆየት ብሎ ዋጋውን ከኪሱ መክፈል ጀመረ።

ሁለቱን ዘመቻዎች አጠገብ ለአጠገብ ሲያዩአቸው አንድ ነገር ይከነክናል። እንግዳው ዝንብ አውሮፓን ጭምር ስላስፈራ በሦስት ዓመት ውስጥ ገንዘቡም፣ አውሮፕላኑም፣ የሕግ ማሻሻያውም ተገኘለት። የአገሬውን ዝንብ ግን ዓለም ለምዶታል፤ የተላመዱት ነገር ደግሞ ድንገተኛ አደጋ ተብሎ በጀት አያገኝም።

የኒፕሊንግ ሐሳብ ለፄፄም እንደሚሠራ የታየው በዛንዚባር ነው። ፄፄ ከስክሩዎርም በተቃራኒ እንቁላል አትጥልም፤ በዘጠኝና በአሥር ቀን አንድ ትል ብቻ ትወልዳለች። ለማርባት አስቸጋሪ፣ በአንጻሩም ቁጥሯ ቶሎ የማያንሰራራ። ከ1994 እስከ 1997 በዛንዚባር ዋና ደሴት በኡንጉጃ መጀመሪያ በከብት ጀርባ በሚፈስ መድኃኒትና በተነከረ ጨርቅ ዝንቡን አመናመኑት፤ ቀጥሎ በታንጋ የረቡ ከ8 ሚሊዮን በላይ መካን ወንዴዎችን ከአውሮፕላን ለቀቁ። የመጨረሻው የዱር ዝንብ የተያዘው በ1996 ነው።

ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጋር በ1997 የጀመረችው ፕሮጀክት በደቡብ ስምጥ ሸለቆ 25 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቦታን ያለመ ነበር። በ2000 የአፍሪካ መሪዎች ሎሜ ላይ ፄፄን ከአህጉሩ ለማጥፋት ተስማሙ። በ2007 ቃሊቲ ላይ የዝንብ ማርቢያ ማዕከል ተመረቀ። እዚያ ዝንቦቹ በቀጭን ሽፋን በኩል የከብት ደም ይመጣሉ፣ ወንዴዎቹ በጨረር ይመክናሉ። ወንዴውም ደም መጣጭ ስለሆነ ሲለቀቅ ገንዲ እንዳያዛምት አስቀድሞ መድኃኒት ያለበት ደም ይቀለባል። አርባ ምንጭ ዙሪያ መድኃኒት በፈሰሰባቸው ከብቶችና በወጥመዶች ዝንቡ በብዙ ቀነሰ። ነገር ግን ሸለቆ ደሴት አይደለም። የጎረቤቱ ሸለቆ ዝንብ ወንዙን ተከትሎ ይመጣል፤ በአሥር ቀን አንድ የምትወልድ ዝንብም ሚሊዮን እስክትሞላ ትዕግሥት ትጠይቃለች። ዛሬም በአብዛኛው የቆላ አገር የገበሬው መከላከያ መርፌና ጀርባ ላይ የሚፈሰው መድኃኒት ነው።

በአሜሪካ ምድር ግፊቱ እስከ ፓናማ ቀጥሎ በ2006 ግንቡ በኮሎምቢያ ድንበር፣ በዳሪየን ጫካ ላይ ቆመ። ፓናማ ከተማ አጠገብ ፓኮራ ላይ ያለ አንድ ፋብሪካ በየሳምንቱ መካን ዝንብ ይለቅ ነበር፤ ከደቡብ የሚመጣውም እዚያው ይከስም ነበር። የቱክስትላው ትልቁ ፋብሪካ ከእንግዲህ አያስፈልግም ተብሎ ተዘጋ። በ2016 ዝንቡ በፍሎሪዳ ደቡብ ደሴቶች ብቅ ብሎ ለመጥፋት የተቃረቡትን ትንንሽ አጋዘኖች ከ130 በላይ ገደለ፤ በጥቂት ወራት ዘመቻ በ2017 ጠፋ።

በ2023 ግን ግንቡ ተሰበረ። በዓመት ጥቂት አሥሮች ሕመም ትቆጥር የነበረችው ፓናማ ከ6 ሺህ በላይ መዘገበች። ዝንቡ በራሱ ክንፍ ብቻ አልተጓዘም፤ በሕገ ወጥ መንገድ ከአገር አገር በሚነዱና በሚጫኑ ከብቶች ቁስል ውስጥ ተሳፍሮ ሄደ። ኮስታሪካ፣ ኒካራጓ፣ ሆንዱራስ፣ ጓቴማላ፤ ለማጽዳት አሥርት ዓመታት የፈጀውን ምድር በሁለት ዓመት መልሶ ያዘ። በኅዳር 2024 ቺያፓስ ውስጥ በኬላ ላይ የተመረመረች ላም ቁስል ውስጥ ተገኘ። አሜሪካ ከሜክሲኮ የቁም ከብት ማስገባት አቆመች፣ በየካቲት ፈቀደች፣ በግንቦት እንደገና ዘጋች። ፓኮራ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ በሳምንት 100 ሚሊዮን ዝንብ ያህል ያወጣል፤ ሜክሲኮ በጸዳችበት ዘመን የቱክስትላው ብቻውን የዚህን አምስት እጥፍ ማውጣት ይችል ነበር። ሜክሲኮ የፍራፍሬ ዝንብ ማምከኛ የነበረውን የሜታፓ ፋብሪካ ለዚህ ሥራ መለወጥ ጀመረች።

በነሐሴ 2025 የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በሳምንት 300 ሚሊዮን ዝንብ የሚያወጣ ፋብሪካ እንደሚገነባ አስታወቀ። የተመረጠው ቦታ የ1962ቱ ዝንቦች የተነሡበት የሙር አየር ማረፊያ ነው። በቀጣዩ ወር ሳቢናስ ኢዳልጎ በምትባል የሜክሲኮ ከተማ፣ ከቴክሳስ ድንበር 110 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ ትል የያዘው ከብት ተገኘ።